ጥቁር እንጨት፣ ቱቦና ቢላ፦ የፕሮስቴት ሕክምና ታሪክ በሐዋሳ ዙሪያ

ስለ ፕሮስቴት እጢ ማደግ የሚጻፍ የጤና ምክር አብዛኛውን ጊዜ የአማራጮች ዝርዝር ያቀርባል፦ በክትትል መቆየት፣ ክኒን መውሰድ፣ በሽንት ቧንቧ በኩል ገብቶ እጢውን እየላጡ ማውጣት፣ ሆድ ከፍቶ መፈልፈል፣ ሌዘር። ከዚያም «ከሐኪምዎ ጋር ተመካክረው ይምረጡ» ይልና ያበቃል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ዝርዝሩ ሕመምተኛው ፊት ከመድረሱ በፊት ማን እንዳሳጠረው ግን አይናገርም። በሐዋሳና በዙሪያዋ ሽንቱ የተዘጋበት አዛውንት ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚያገኝ ሲወስን የኖረው የእሱ ምርጫ ብቻ አይደለም። መንገድ፣ ደም፣ መብራት፣ የሠለጠነ እጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰውየው ሐኪም ዘንድ የደረሰበት ጊዜ ወስነዋል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው። በአካባቢው ክፍት ቀዶ ሕክምና ለረጅም ዘመን ዋናው መፍትሔ ሆኖ የቆየው ሐኪሞቹ ከዓለም ወደ ኋላ ስለቀሩ ሳይሆን፣ ሕመምተኛው ዘግይቶ የሚደርስበት ሥርዓት ከዚህ የተሻለ የሚስማማው ሕክምና ስላልነበረ ነው።

በሽታው ራሱ በአጭሩ ሊገለጽ ይችላል። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች፣ የሽንት ቧንቧን ከቦ የሚገኝ እጢ ነው። በጤነኛ ጎልማሳ 20 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን በወንድ ሆርሞን ኃይል ያድጋል፣ አንዳንዴም 100 ግራም አልፎ ይሄዳል። ከሬሳ ምርመራ የተገኘው መረጃ እንደሚያሳየው ከ51 እስከ 60 ዓመት ባሉ ወንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ፣ ሰማንያ ያለፉት ላይ ደግሞ በአብዛኞቹ ላይ ይህ እድገት ይገኛል። ካንሰር አይደለም፤ ሆኖም ካንሰር አለመሆኑ በምርመራ መረጋገጥ አለበት። ለታሪካችን ዋናው ነገር ግን ከእጢው ይልቅ ፊኛው ነው። መውጫው የጠበበበት ፊኛ መጀመሪያ ጡንቻውን አወፍሮ ይታገላል፤ ሽንቱ ይቀጥናል፣ ሰውየው ሌሊት ደጋግሞ ይነሣል። ትግሉ ለዓመታት ከቀጠለ ጡንቻው ይዝላል፣ ሽንት ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ወደ ኋላ ሄዶ ኩላሊትን ይጎዳል። በዚህ ደረጃ የደረሰ ፊኛ እጢው በሙሉ ቢወጣለት እንኳ ላያገግም ይችላል። የሕክምና ምርጫ ጉዳይ የሰዓት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ድሮ ይህ በሽታ የት ነበር? ሰው በአርባ ዓመቱ ይሞት አልነበረም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ከ45 ዓመት በታች መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አማካዩን ወደ ታች የጎተተው ከሁሉ በፊት የሕፃናት ሞት ነበር፤ ከልጅነት በሽታ የተረፈ ሰው ሽምግልና መድረሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። የሲዳማ ሽማግሌዎች በየጥላው ተቀምጠው ሲዳኙ የኖሩት ስለነበሩ ነው። በሽታው ነበር፤ ያልነበረው ስሙ ነው። ሽንት ሲያስቸግር «ኩላሊት ነው» ወይም «ብርድ መታው» ይባላል፤ ሕመምተኛውም ወደ ጸበል፣ ወደ መድኃኒት አዋቂ ወይም ወደ ወንዶ ገነት ፍል ውኃ ይሄዳል። ፍል ውኃው መናቅ የለበትም። ሙቅ ውኃ ውስጥ መቀመጥ የታችኛውን ጡንቻ ስለሚያላላ፣ ሽንቱ ሊወጣ እንቢ ላለው ሰው የተወሰነ ጊዜ እፎይታ ሊሰጥ ይችላል። እጢውን ግን አያሳንስም። እፎይታው ሰውየው ተሻለኝ ብሎ ሌላ ዓመት እንዲቆይ ካደረገውም የፊኛው ሂሳብ ያድጋል።

ሐዋሳ ከተማ ሆና የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ማዕከል ይርጋዓለም ነበረች፤ የዘመናዊ ሕክምናውም ማዕከል እሷው ነበረች። የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮን ወደ ኢትዮጵያ ከገባበት ከ1940ዎቹ ጀምሮ በይርጋዓለም የሕክምና ሥራ ሠርቷል። በሰሜን በኩል ሻሸመኔ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ያቋቋመው ተቋም ነበር፤ ኋላ ጠቅላላ ሆስፒታል ሆነ። አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሐዋሳ ሰው ታሪኩ ሁሉ በእነዚህ ነጥቦች መካከል ነው የተዘረጋው። ከተማዋ በፍጥነት አድጋ የአስተዳደር ማዕከልነቱን ከይርጋዓለም ወሰደች፤ ሕክምናው ግን አስተዳደሩን ተከትሎ ወዲያው አልመጣም። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ሥራ የጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ በተቆረቆረችበትና ሪፈራል ሆስፒታል ባገኘችበት ጊዜ መካከል አርባ ስድስት ዓመት አለ፤ በዚያ ዘመን መጀመሪያ የተወለደ ልጅ ፕሮስቴቱ ማደግ ወደሚጀምርበት ዕድሜ ይደርሳል ማለት ነው።

ድንገት ሽንቱ ሙሉ ለሙሉ ለተዘጋበት ሰው ይህ ርቀት ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ ልዩ ዕውቀት አያስፈልግም። በፊኛ ውስጥ አንድ ሊትር ሽንት ተጠራቅሞ በአውቶቡስ መጓዝ ነው። መጀመሪያ የሚያገኘው እርዳታ ቱቦ ነው፦ ካቴተር። ከጥንት ጀምሮ ሐኪሞች ከነሐስ፣ ከብርና ከቆርቆሮ ቱቦ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ፈረንሳዊው ኔላቶን በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጎማ ቱቦ አስተዋወቀ፤ አሜሪካዊው ፍሬደሪክ ፎሊ ደግሞ በ1930ዎቹ ጫፉ ላይ በውኃ የሚነፋ ትንሽ ፊኛ ያለውን፣ ዛሬም በየጤና ጣቢያው የምናየውን ቱቦ ሠራ። የፎሊ ቱቦ ሕይወት አትራፊ ነው። የቀዶ ሕክምና ወረፋ ሩቅ በሆነበት አገር ግን ከመሸጋገሪያነት አልፎ መኖሪያ ይሆናል። ሰውየው ከረጢቱን ከጋቢው ሥር ይዞ ወራት ይቆያል፤ ኢንፌክሽን ይከተላል፣ ጠጠር ይሠራል። በዝርዝሩ ላይ «አማራጭ» ተብሎ ያልተጻፈው ቱቦ፣ በተግባር ለብዙዎች ዋናው ሕክምና ሆኖ ኖሯል።

የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኢትዮጵያ የሕዝብ ወሬ ውስጥ በሰፊው የገባው በሚያሳዝን መንገድ ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ማረፋቸውን በማግስቱ ያስታወቀው የደርግ መግለጫ፣ የሞታቸው ምክንያት ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ ሕመም እንደሆነ ተናገረ። የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም የነበሩት የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይህን አልተቀበሉትም። የንጉሠ ነገሥቱ አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው፤ በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የቀረበው ክስም ታንቀው ተገድለዋል የሚል ነበር። እዚህ ላይ ጉዳዩን የማነሣው ለፖለቲካው ስል አይደለም። መግለጫውን የጻፈው ሰው ሰበብ ሲፈልግ የ83 ዓመት አዛውንትን ሞት በፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ማሳበብ ለሰሚው የሚመስል ነገር እንደሆነ ያውቅ ነበር። ሰው ያንን ቀዶ ሕክምና ይፈራ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በየትኛውም አገር ቢሆን ደም መፍሰሱና ኢንፌክሽኑ ቀላል አልነበረምና ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። በሬዲዮ የተነገረ እንዲህ ያለ ዜና ደግሞ የሚያበረታታ አይደለም።

ታዲያ የሚፈራው ቀዶ ሕክምና ምንድን ነበር? መሠረቱን ለዓለም ያስፋፋው በህንድ የሕክምና አገልግሎት የሠራው አየርላንዳዊው ፒተር ፍሬየር ነው። ለንደን ውስጥ በ1900 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ1901 ያሳተመው ዘዴ ከእምብርት በታች ሆድን፣ ከዚያም ፊኛን ከፍቶ እጢውን በጣት ፈልፍሎ ማውጣት ነው። በ1945 ቴሬንስ ሚሊን ፊኛውን ሳይነካ ከፊት ለፊት እጢውን የሚደርስበትን መንገድ አሳየ። በሀብታሞቹ አገሮች ከ1930ዎቹ በኋላ በሽንት ቧንቧ በኩል መሣሪያ አስገብቶ እጢውን በኤሌክትሪክ ሽቦ ቀለበት እየላጡ ማውጣት እየተስፋፋ ሄደ፤ ቆይቶም ዋናው መንገድ ሆነ። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ግን በፊኛ በኩል የሚደረገው፣ ሐኪሞች «ትራንስቬሲካል» የሚሉት ክፍት ቀዶ ሕክምና የበላይነቱን ይዞ ቆይቷል።

ይህን ብዙ ሰው የድህነት ማስረጃ አድርጎ ያነሣዋል። በከፊል ነው። ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው ግን ሌላ ስሌት ይታያል። በሽንት ቧንቧ የሚላጠው ሕክምና የሚስማማው በአብዛኛው ከ30 እስከ 80 ግራም ላለ እጢ ነው፤ ከዚያ ሲበልጥ የአውሮፓ መመሪያ ራሱ ወይ ክፍት ቀዶ ሕክምናን ወይ ሌዘርን ይመክራል። የድሮው የላጣ መሣሪያ በሚሠራበት ጊዜ ፊኛው ጨው በሌለው ፈሳሽ መታጠብ ነበረበት፤ ሥራው ሲረዝም ፈሳሹ ወደ ደም ገብቶ ጨውን ያቀጥናል፣ አንጎልንም ይጎዳል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ መጨረስ ያሻል፤ ይህም ብዙ የለመደ እጅ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ንጹሕ የመሣሪያ ሌንስና በሊትር የሚቆጠር ፈሳሽ ይፈልጋል። ፍሬየር ያሳየው መንገድ ግን በጠቅላላ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ በወገብ ማደንዘዣ፣ በደም፣ በፎሊ ቱቦና በጨው ውኃ ይሠራል። እጢው 150 ግራም ቢሆንም አይከለክለውም። ፊኛ ውስጥ ጠጠር ካለም አብሮ ይወጣል። ሕመምተኛው ከገጠር ትልቅ እጢና ጠጠር ይዞ፣ ወራት ቱቦ ተሸክሞ ለመጣበት ሆስፒታል ይህ ዘዴ ከጥንታዊነቱ ይልቅ ተስማሚነቱ ይጎላል። ዋጋው ደም መፍሰስና ረዘም ያለ ሆስፒታል መተኛት ነው፤ ይህ መደበቅ የለበትም።

የአካባቢው ታሪክ እንግዳ ምዕራፍ ያለው ሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን ኮረብታ ላይ ነው። ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ በወንዶ ገነት፣ በሙነሳ ሻሸመኔና በሐረና ደኖች ውስጥ ይበቅላል። በ1966 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊው ዣክ ዴባ ከዚህ ዛፍ ቅርፊት የሚጨመቀውን ቅመም ለፕሮስቴት ችግር መድኃኒትነት በፓተንት አስመዘገበ፤ ታደናን በሚል ስም በአውሮፓ ፋርማሲዎች ይሸጥ ጀመር። ከ1972 ጀምሮ በካሜሩን ተራሮች ቅርፊቱ በገፍ ተላጠ፤ ማዳጋስካር፣ ኬንያና ሌሎችም ተከተሉ። ከግንዱ ሁለት ተቃራኒ ጎኖች ብቻ ቢላጥ ዛፉ ቅርፊቱን መልሶ ያበቅላል፤ ዙሪያውን የተገፈፈ ግን ይደርቃል፣ ገዢ በበዛበት ጊዜ ደግሞ ዙሪያውን መግፈፍ ቀለለ። በዚህ ምክንያት ዛፉ ከ1995 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገባ፤ በ2007 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ከካሜሩን የሚገባውን አገደ።

ኢትዮጵያ ከዋነኞቹ የቅርፊቱ ላኪዎች መካከል አልነበረችም። ይህ ዕድል ነበር ወይስ ያመለጠ ጥቅም? ሁለቱም ይመስለኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኮሶ አበባ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ያ ዕውቀት ከእኛው ማዕድ የወጣ ነው። ጥቁር እንጨት ግን እዚሁ ቆሞ ሳለ ለእጀታ፣ ለጣውላና ለማገዶ ነበር የሚፈለገው፤ ለፕሮስቴት የሚሆን ቅመም እንዳለው የተነገረን ከውጭ ነው። ግዴለሽነቱ በሕግም ይታያል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም የጠቀሳቸው ዛፎች አራት ናቸው፦ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ። ዓለም ጥቁር እንጨትን በቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ ባስገባበት በዚያው ጊዜ የእኛ ሕግ ስሙን አላነሣም። በ1970 ዓ.ም. በወንዶ ገነት የተቋቋመውና ኋላ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የደን ኮሌጅ ዛፉን ደጃፉ ላይ አግኝቶ ያጠናል፤ ሆኖም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕመምተኛ ከዚህ ዛፍ ያገኘው ነገር የለም።

«ዛፉ እዚህ ካለ ለምን ቅርፊቱን ቀቅለን አንጠጣም?» ለሚል ሰው መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ በ18 የሕክምና ሙከራዎች የተሳተፉ 1,562 ወንዶች መረጃ ተሰብስቦ ሲገመገም የቅርፊቱ ጭማቂ ሌሊት መነሣትን በ19 በመቶ ቀንሷል፣ የሽንትን ፍጥነት ደግሞ በ23 በመቶ ጨምሯል። ጥቅም አለ ማለት ነው፤ ግን መጠነኛ ነው፣ ሙከራዎቹም ከጥቂት ወራት አይዘልሉም። ለተዘጋ ፊኛ መድኃኒት አይሆንም። ሁለተኛ፣ የፋብሪካው ጭማቂ በስብ በሚሟሙ ንጥረ ነገሮች ላይ የተመሠረተና በኬሚካል ማሟሚያ የሚወጣ ነው፤ ድስት ውስጥ በውኃ የተቀቀለው ሌላ ነገር ነው። ቅርፊቱ ሲያናይድ ሊያመነጭ የሚችል ንጥረ ነገርም አለው። ባህላዊ ሕክምናን ማክበር ተገቢ ነው፤ ባህላችን ያልሆነውን በባህል ስም መጠጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዛፉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የተተካበት ተክል ነው። የወንዶ ገነት ማሳ በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ጫት ተለውጧል፤ ጫት ገንዘብ ያመጣልና ገበሬውን መውቀስ አይቻልም። በየመን ተደርጎ በ1995 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ግን ጫት ሲቃም የሽንት ፍጥነት እንደሚቀንስ፣ የፊኛውን አንገት የሚያላላ መድኃኒት ቀድሞ ሲሰጥ ደግሞ ይህ ውጤት እንደሚከለከል አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጫት የሚያነቃው ሥርዓት የፊኛን አንገትና የፕሮስቴትን ጡንቻ ያጨማድዳል። እጢው ቀድሞ ላደገ ሰው የከሰዓት በኋላ ጫት የሌሊት መዘጋት ሊያመጣ ይችላል። በሐዋሳ ስለ ሽንት ችግር የሚጠይቅ ሐኪም ስለ ጫት ሳይጠይቅ ቢያልፍ ትልቅ ነገር ያልፈዋል።

ክኒኖቹ ዝርዝሩን በእውነት ያስረዘሙት ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። ታምሱሎሲንን የመሰሉት ጡንቻውን በቀናት ውስጥ ያላላሉ፤ ፊናስቴራይድ እጢውን በወራት ያሳንሳል። በ2003 የታተመውና 3,047 ወንዶችን ለአራት ዓመት ተኩል ያህል የተከታተለው የአሜሪካ ጥናት ዶክሳዞሲንና ፊናስቴራይድ በአንድ ላይ ሲሰጡ የበሽታውን መባባስ በ66 በመቶ እንደሚቀንሱ አሳየ። ቁጥሩ አስደሳች ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው በየቀኑ ለዓመታት ለሚውጥ ሰው ነው። ቋሚ ገቢ ለሌለው አዛውንት ሕይወቱን ሙሉ የሚገዛው ክኒን አንድ ጊዜ ከሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሊበልጥ ይችላል። የዋጋው ስሌት በመድኃኒቱ ሳጥን ላይ አይጻፍም።

«ችግሩ መንገድም ገንዘብም አይደለም፣ ነውር ነው፤ የእኛ ሽማግሌ ስለ ሽንቱ አያወራም» የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ነውሩ አለ። በተለይ በልጁ ፊት፣ በሴት ነርስ ፊት መናገር ይከብዳል። ግን ነውር ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሆስፒታል በቀረበ ጊዜ ነገሩ ባልተለወጠ ነበር። ይሉኝታ የሚጸናው ንግግሩ ጥቅም በሌለው ጊዜ ነው። ሕክምናው ሩቅ፣ ውድና አስፈሪ ሲሆን ስለ ሽንት ማውራት ኀፍረትን ብቻ ያተርፋል፤ ሰውም ዝም ይላል። መድኃኒቱ በከተማው ሲገኝና ጎረቤት ድኖ ሲመለስ ዝምታው ይላላል።

አሁን የሚሰማው ሙግት ሐዋሳ ክፍት ቀዶ ሕክምናን ዘልላ ወደ ሌዘር ትሂድ የሚል ነው። በሌዘር መፈልፈል ትልቅ እጢንም ያለ ሆድ መክፈት ያወጣል፣ ደም ያሳንሳል፣ ሕመምተኛውም ቶሎ ከቱቦ ይላቀቃል፤ እንደ ግብ አልቃወመውም። ግን ሌዘሩን አቀላጥፎ ለመጠቀም አንድ ሐኪም በአሥሮች የሚቆጠሩ ሕሙማንን በባለሙያ ሥር መሥራት አለበት፣ የሚያልቅ ፋይበርና የሚጠግን ቴክኒሻንም ያስፈልጋል። መሣሪያው በተበላሸበት ወር ወደ ፍሬየር መንገድ መመለስ የሚችል እጅ ካልቀረ፣ ሕመምተኛው የሚመለሰው ወደ ቱቦው ነው። ሌዘሩ የዘገየ ፊኛንም አያድስም። ዝርዝሩን በርካሽ የሚያስረዝመው ነገር ከሆስፒታሉ በታች ያለው ነው፦ በጤና ጣቢያ ዕድሜው ሃምሳ ያለፈን ወንድ «ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?» ብሎ መጠየቅ፣ በጣት መመርመር፣ ከሸና በኋላ ፊኛው ውስጥ የቀረውን ሽንት በአልትራሳውንድ ማየት፣ ለኩላሊት ክሬአቲኒን መለካት። ከእነዚህ አንዱም ሌዘር አይፈልግም፤ በዚያ ደረጃ የተገኘ ሰው ግን በክትትል ለመቆየት፣ ለክኒን፣ ለላጣም ሆነ ለቢላ ገና ጊዜ አለው።